ወንዛዬ የታጠበው ሞተር

ወረታ ላይ መኪና ታሞ ሐኪም አጥቶ አያውቅም። አንድ ሚኒባስ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ሾፌሩ የጋቢናውን ወንበር ከገለበጠ፣ የሩዝ ደላላው፣ ቆሎ ሻጯ፣ ለስብሰባ የወጣው የቀበሌ ሰው፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ፀጉር ቤት የሚያዘግመው መምህር፣ ሁሉም አንገቱን አስግጎ አንድ በሽታ ሳይጠራ አያልፍም። ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር፤ ሰው ሁሉ ክፍተት ማግኘት ተምሯል። ሞተር ደግሞ አይከራከርም፣ ቂም አይዝም፣ ወደ ሌላ ወረዳም አያዛውርም። ለመገምገም ከሰው ይመቻል።

እኔ የምሠራበት ጋራዥ ከአንድ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ጋር ግድግዳ ይጋራ ነበር። ጋራዥ የምለው በወግ ነው። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥር ዘይት የጠጣ አፈር፣ መሐል ላይ ሰው የሚገባበት ጉድጓድ፣ በር ላይ ደግሞ በጥቃቅንና አነስተኛ መደራጀታችንን የሚያበስር ሰሌዳ። ሰሌዳው ከመሣሪያዎቻችን ሁሉ አዲሱ ነበር። ወፍጮው ሲነሳ የሩዙ ገለባ ብናኝ በስንጥቁ እየገባ ሁላችንንም ያሸብተናል፤ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ የሽማግሌዎች ሸንጎ ይመስላል።

የጋራዡ ባለቤት ጋሼ የድሮ የጭነት መኪና መካኒክ ናቸው። የናፍጣ ሞተር ገና ከአዲስ ዘመን ከተማ በሚያስገባው መንገድ ሲመጣ በድምፁ ብቻ የቱ ጉሮሮው እንደተዘጋ ይናገራሉ ይባላል፤ እኔ ግን በር ላይ ሲደርስ ነው ሲናገሩ የሰማሁት። ኤሌክትሪክን እንደ አማት ያከብሩታል፤ በሩቁ፣ ሳይነኩ፣ አንገት ደፍተው። ሽቦ ያለበት ነገር ሲመጣ «ዝምተኛውን ጥሩት» ይላሉ። ዝምተኛው እኔ ነኝ።

እኔም ብሆን ማንም አላስተማረኝም። ባሕር ዳር ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ያገኘሁት አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረኝ፤ ሽፋኑና የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎቹ ተገንጥለዋል። ስለዚህ መኪና ምን እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት እንደሚበላሽ አወቅሁ። ከዚያ መጽሐፍና ከአንድ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር በቀር ንብረት አልነበረኝም። ቴስተሩን ከጨርቅ ከረጢት ሳወጣው ሰዉ ዝም ይላል፤ ቁጥር የሚያሳይ ነገር ሁሉ በአገራችን ይከበራል።

ታዲያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንድ ሚኒባስ በጭነት መኪና ተጎትቶ መጣ።

ባለቤቱ የቁሐር ሚካኤል ሰው ናቸው። ድሮ ክረምት በገባ ቁጥር መሬታቸው ላይ ውሃ ተኝቶ በጋ ካልመጣ አይነሳም ነበር። በኋላ ሩዝ የሚባል፣ ውሃ የሚወድ እህል መጣ። ያ የተረገመ ውሃ ሩዝ ሆነ፤ ሩዙ ቆርቆሮ ቤት ሆነ፤ ቆርቆሮ ቤቱ ላይ ጥቂት ታከለበትና «ዶልፊን» የሚሉት፣ ሞተሩ በኮምፒውተር የሚታዘዝ፣ አዲስ መልክ ያለው ሚኒባስ ሆነ። ሰውዬው ውሃን የሚያምኑት ያለ ምክንያት አልነበረም። ራሳቸው እየነዱ ከወረታ ሐሙሲት፣ ሲቀናም እስከ ባሕር ዳር ይጭናሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ፍል ውሃ የሚታጠቡትን ወደ ወንዛዬ ይወስዳሉ።

«ምን ሆነብዎ?» አሉ ጋሼ።

«ምንም አልሆነ! ሲሻው ይሄዳል፣ ሲሻው ይቆማል። እንደ ግብርና ባለሙያችን ማለት ነው።»

ከበው የቆሙት ሳቁ። ባለ ሚኒባሱ ሳቁን ካዩ በኋላ ቀጠሉ። ማስነሻው፣ ሞተሪኖው፣ ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ጥቂት ቆይቶ ሰው ሁሉ ወርዶ በእግሩ መሄድ ሲጀምር ይነሳል። የጠጠር መንገድ ላይ ይብስበታል።

«አንድ ነገር ግን ላስታውሳችሁ፣» አሉ ጣታቸውን አንስተው። «ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ የሞተር ምልክት፣ የበሽታ መብራት የሚሏት፣ እምቢ ባለኝ ጊዜ ሁሉ ፈጽሞ በርታ አታውቅም። ቁልፉን ስከፍት እንኳ ድርግም እንዳለች ናት! ስለዚህ ሞተሩ ጤነኛ ነው።»

ያቺ ምልክት ቁልፉ ሲከፈት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለባት። ቁልፉ ተከፍቶ ካልበራች የሚያበራት ኮምፒውተር ራሱ አልነቃም ማለት ነው። በሽተኛው አላቃሰተም ተብሎ ደስ አይባልም፤ ሬሳም አያቃስትም። ይህን በሆዴ አሰብኩና ዝም አልኩ፤ ስሜን የማገኘው በዚህ ነው።

ከቦ የቆመው ሸንጎ ግን ሥራውን ጀምሯል። አንዱ ነዳጁ ውሃ አለበት አለ። አንዱ ባትሪው ነው አለ፣ ሞተሪኖው ፊቱ እየተሽከረከረ። ተሳፋሪ የነበረች አንዲት ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ መኪናው ሁለት ጊዜ የቆመው ከከተማው ዳር ከአንጥረኛው ቤት አለፍ ብሎ መሆኑን ተናገረች፤ ከዚያ በላይ አላብራራችም፣ ማንም ደግሞ ማብራሪያ አልፈለገም። አንጥረኛው የሠራውን ማጭድ ይዞ የቆመ ገበሬ ሳይቀር ራሱን ነቀነቀ። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ የመሥሪያ ቤት ሾፌር፣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፣

«ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ ሰው ልኮ ሌላ ማስመጣት ነው» አለ።

ከአዲስ አበባ የመጣ ነገር ስለሆነ ጉዳዩ ተዘጋ። ለደንቡ ያህል ብቻ «እስቲ ዝምተኛውም ይይ» ተባለ።

አየሁ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው፤ ደህና ናቸው። ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚለቀውን ሪሌ አውጥቼ በምትኩ የጥሩምባውን ሪሌ ሰካሁበት፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ከጋቢናው ኪስ ኋላ ያለውን የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀልኩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ መብራት በሚመጣበት ቀዳዳ፣ ሌላውን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አደረግሁ። ቁጥሩ ሙሉ ነበር፤ ከባትሪው ከራሱ አንዳች አልጎደለም።

«መብራት ይደርሰዋል» አልኩ።

ከዚያ በላይ አልተናገርኩም፤ ግን በቂ ነበር። መብራት እየደረሰው ካልነቃ ሞቷል። ሾፌሩ እጁን ከኪሱ አወጣ። ባለ ሚኒባሱም፣

«እንግዲያ ላሚቱ መሸጧ ነው» አሉ።

ስለዚያች ላም ያልሰማ በዚያ ሰፈር አልነበረም። የፎገራ ላም ናት፣ ነጭና ጥቁር፣ የአንገቷ ሥር ቆዳ እንደ ካህን ቀሚስ የሚንዘረፈፍ። ግን የእሳቸው አይደለችም። ሚስታቸው ከእናታቸው ግቢ ይዘው የመጡት ዘር ናት፤ አያቷንም እናቷንም ያለቡት እኚሁ ሴት ናቸው። ሚኒባሱ ሲገዛ በሬዎቹ ሁሉ ሲሄዱ እሷ ብቻ ቀርታ ነበር። አሁን የከብት ነጋዴው ለመጪው ገበያ ቀን ቃል ተሰጠው። እኔም ቴስተሬን በጨርቅ ጠቀለልኩ። ቁጥሩን ደግሜ በአእምሮዬ አየሁት፤ ሙሉ ነበር። አንዲት ላም ገበያ ለመንዳት በጣም ትክክለኛ ቁጥር ነበር።

መኪናው ከሰዓት በኋላ፣ ማንም ሳይጠግነው፣ ተነሳ። ባለ ሚኒባሱ «እስቲ እስኪሞት ድረስ» ብለው ቤታቸው ነድተውት ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ባልና ሚስት አብረው መጡ፤ መኪናው በር ላይ እንደደረሰ ጠፋ። ባለቤታቸው ከጋቢናው ወርደው ነጠላቸውን አጣፉና ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ።

«ሞቷል ያልኸው አንተ ነህ?»

«መብራት ይደርሰዋል ነው ያልኩት፣ እትዬ።»

«እስቲ ይኸን ኮምፒውተር የሚሉትን አሳየኝ።»

ከሥፍራው ፈትቼ አሳየኋቸው፤ ከግማሽ ዳቦ የማይበልጥ የአሉሚኒየም ሣጥን። ግራ ቀኝ አገላብጠው አዩት።

«ይኸ ነው ላሜን የሚበላት? የእሷ እኮ ቀንዷ ብቻ ተዚህ ይበልጣል።»

ጋሼ «እትዬ፣ ዘመኑ ነው፤ ትንሹ ነው ትልቁን የሚያዝ» አሉ።

«እሱስ ድሮም ነበር። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ትናንት ሞተ አላችሁት። ማታ በእግሩ ቤቴ መጣ። ዛሬ ተዚህ በር ሲደርስ ደግሞ ሞተ። እኔ ብዙ ለቅሶ ደርሻለሁ፤ እንዲህ እየተመላለሰ የሚሞት ግን አላየሁም።»

ባለ ሚኒባሱ «አንቺ ደግሞ የኮምፒውተርን ነገር ምኑን ታውቂዋለሽ?» አሉ።

«ኧረ አላውቅም። አንተ ታውቀው የለ፣ የምትሸጠው የኔን ላም።»

ሣጥኑን ከእጃቸው ተቀበልኩ። የተናገሩት ነገር በመጽሐፌ ውስጥ ነበር፤ ምናልባት በተገነጠለው በኩል። የተቃጠለ ነገር ተቃጥሎ ይቀራል። እየሄደ የሚመጣ በሽታ የሚቀመጠው በሚነቃነቅ፣ በላላ፣ በተቆራረጠ ነገር ላይ ነው። ግን ቁጥሩ ሙሉ ነው። ሙሉ ከሆነ ምን ጎደለ?

በዚህ መሐል ጎረቤታችን ወፍጮውን አስነሳ። ጋራዡ ውስጥ የተንጠለጠለችው አምፖል እንደ ልማዷ ደከመች፤ ቀላች፤ የሩዙ ብናኝ ይዘንብብን ጀመር። ጋሼ ቀና ብለው አዩዋት።

«ይቺም ሥራ ስታይ ታማለች። ወፍጮው ሲዘጋ ግን ሹም ትመስላለች።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ቀልድ እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን ገመድም ሥራ ሲሰጠው ብቻ ይታመም ይሆን ብዬ ስላሰብኩ ጋሼን፣ «እርስዎ በድሮዎቹ መኪናዎች ገመድ እንዴት ነበር የሚፈትኑት? ቴስተር ሳይኖር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውን ስጠይቅ ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፤ ደንገጥ ብለው አዩኝ።

«ትልቁን የፊት መብራት አምፖል እናስርበታለን እንጂ! የሚጠጣ ነገር ስትሰጠው ነው ገመዱ የሚናገር። ይኸ የአንተ ቴስተር እኮ ይቀምሳል እንጂ አይጠጣም።»

ይህን ሁሉ ጊዜ በልባቸው ይዘውት ነበር። እኔም ይህን ሁሉ ጊዜ አብሬያቸው ጉድጓድ ውስጥ ስገባና ስወጣ ነበር። ደግነቱ ሁለታችንም ሥራ በዝቶብን ነበር።

የፊት መብራት አምፖል አምጥቼ ሁለት ሽቦ አሰርኩበት። አንዱን ሽቦ እንደ ትናንቱ መብራት በሚመጣበት ቀዳዳ አደረግሁ። ሌላውን ግን ባትሪው ላይ አላደረግሁትም፤ የኮምፒውተሩ የራሱ ኔጋቲቭ በሚገባበት ቀዳዳ፣ እዚያው ሶኬቱ ላይ ነካሁት። አምፖሉ ጭላንጭል ብቻ ሰጠ፤ ጋዙ ያለቀበት ኩራዝ። ሁለተኛውን ሽቦ አውጥቼ በቀጥታ የመኪናው ብረት ላይ ስነካው ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን ሆነ።

«ምንድን ነው?» አሉ ባለቤታቸው።

«የሚመጣው መብራት ደህና ነው፣ እትዬ። መመለሻው ነው የታመመው። ትናንት መመለሻውን ትቼ ባትሪው ላይ ነበር የለካሁት። ኤሌክትሪክ ገብቶ ካልወጣ አይሠራም።»

«እንደ ቁሐር መሬት ነዋ። ውሃው መግቢያ መች ያጣል፤ መውጫ ነው እንጂ የሚያጣ።»

መጽሐፉ ለዚህች ነገር ሦስት ሥዕል አባክኖባታል።

መመለሻ ገመዱን በእጄ እየዳበስኩ ተከተልኩት። ከሶኬቱ ወርዶ፣ ከሌሎች ሽቦዎች ጋር ተጠቅልሎ፣ ከጋቢናው ወንበር ሥር ወዳለው ሞተር ይገባል። ወንበሩን ገለበጥን። ሞተሩ ያለ መጠን ንጹሕ ነበር፤ ወረታ ውስጥ እንዲህ ያለ ሞተር አላየሁም፣ ጠብታ ዘይት የለበትም። ገመዱ ሞተሩ ብረት ላይ በብሎን የታሰረበት ቦታ ስደርስ ግን ብሎኑ አልታየኝም። በቦታው ነጭ፣ ሸካራ፣ እንደ አሞሌ ጨው የጋገረ ነገር ተቀምጧል። በጣቴ ስነካው የገመዱ ጫፍ ተወዛወዘ፤ ሥሩ ያለችው የመዳብ ቀለበት ተበልታ ክር አክላለች።

ባለቤታቸው ጎንበስ ብለው አዩ። ጣታቸውን ሰደዱ፣ ነጩን ነገር ፈርፈር አድርገው አሸተቱት።

«ይኸማ የወንዛዬ ነው! ነጠላዬን እዚያ አጥቤ ሳሰጣው ጥለቱ ላይ የሚያወጣው ይኸው ነው።» ቀና አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ፍል ውሃው እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?»

ባለ ሚኒባሱ ወፍጮው አስደሳች ነገር ሆኖባቸው ወደዚያ ያያሉ።

«አንተን እኮ ነው!»

«ሰዉ ታጥቦ እስኪወጣ... እኔስ ቁጭ ብዬ ምን ልሥራ? ሙቅ ነው፣ ቅባቱን ሙልጭ ያደርገዋል። በነጻ ነው።» ወደ እኛ ዞሩ። «ደግሞስ ስንት የሰው ቁርጥማት የነቀለ ውሃ ለብረት እንዴት ይከፋል?»

በየሳምንቱ መጨረሻ ማለት ነው፣ ተሳፋሪው ገላውን ሲታጠብ እሳቸው ወንበሩን ገልብጠው በጀሪካን እየቀዱ ሞተሩን ያጥቡታል። ሞተሩ ትኩስ ስለሆነ ውሃው እዚያው ይደርቃል፤ ጨዉ ይቀራል። ማንም አልደበቀውም፤ ተሳፋሪው ሁሉ አይቷል፣ አንዳንዱም ጀሪካን አቀብሏል። ነዳጁን፣ ባትሪውን፣ የአንጥረኛውን ዓይን የመረመረው ያ ሁሉ ሐኪም ግን ወንዛዬን ሊጠረጥር አልደፈረም። ፍል ውሃ ያድናል እንጂ ይገድላል ተብሎ ተሰምቶ አያውቅም።

ብሎኑን ለመፍታት ብዙ ታገልን። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ አጸዳሁት። የጎደለው የመዳብ ቀለበት ነበር፤ በልኩ የሚሆን በወረታ ሱቆች አልተገኘም። «አንጥረኛው ይሠራዋል» አልኩ። ባለ ሚኒባሱ አብረውኝ ሄዱ፤ ከኋላዬ፣ በጣም ዝግ ብለው።

አንጥረኛው የተበላችውን ቀለበት ተቀብሎ አያት፣ ከዚያ እሳቸውን አያቸው። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል።

«እንግዲህ ጌታው፣» አለ ወናፉን እየገፋ፣ «ዓይኔ አጠፋ ከተባለ እጄ ሊያበጅ ይችላል ብለው ያምናሉ?»

«ኧረ የሰው ወሬ ነው፣ ወንድሜ! እኔ መች...»

«አይ፣ ላጣራ ብዬ ነው። ዓይንህን ጨፍነህ ሥራው ቢሉኝ ጣቴን እመታለሁ።»

ዓይኑን ገልጦ ሠራው። ከፋብሪካው ያማረ ሆነ።

ተመልሰን ቀለበቱን በገመዱ ጫፍ አሰርኩ፣ በብሎኑ አጠበቅሁ፣ ላዩን ውሃ እንዳይደርሰው በግሪስ ሸፈንኩት። አምፖሉን ደግሜ በሶኬቱ ላይ ሞከርኩ፤ ጋሼ ዓይናቸውን በእጃቸው ከለሉ። ኮምፒውተሩን መልሼ ሰካሁና ባለ ሚኒባሱን ቁልፉን እንዲከፍቱ ነገርኳቸው።

«በራች!» ብለው ጮኹ። «ቢጫዋ በራች! ጤነኛውን መኪና አሳመማችሁት!»

«ያስነሱት» አልኳቸው።

አስነሱት። ቢጫዋ ጠፋች፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሠራ። እሳቸው ግን የተደሰቱ አይመስሉም። የተጣለችውን ክር ያከለች ቀለበት አንስተው መዳፋቸው ላይ አደረጓት። ኮምፒውተር ተቃጠለብኝ ማለት ክብር አለው፤ ሶማሌ ተራ ሰው ላክሁ ማለት ክብር አለው። ብሎን ቆሸሸብኝ ተብሎ ግን ለቅሶ ላይ አይወራም።

«ለዚህች ነው እንግዲህ?» አሉ።

ባለቤታቸው ከመዳፋቸው ወሰዷትና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት። «አዎ፣ ለዚህች። ለነጋዴው ንገረው፤ ገበያ የሚወጣ ላም የለኝም።»

የገበያው ቀን አልፎ ሚኒባሱ ፍል ውሃ ታጣቢዎቹን ጭኖ ወደ ወንዛዬ ሲሄድ፣ ድንገት ቢቆም ተብሎ እኔም ተጫንኩ። አልቆመም። የጠጠሩን መንገድ ያለ አንዳች ማቃሰት ጨረሰው። ባለቤታቸው ጋቢና ነበሩ፣ ሞተሩ ባለበት ወንበር ላይ። ሰዉ ሁሉ ወርዶ ፎጣውንና ሳሙናውን ይዞ ቁልቁል ሲወርድ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

ባለ ሚኒባሱ ጥቂት ዞር ዞር አሉ። ከዚያ የኋላውን በር ከፍተው አንድ ቢጫ ጀሪካን አወጡ፣ ወርደው ሞልተው ተመለሱ፣ እንፋሎቱ እየወጣ። በመስኮቱ በኩል፣

«ምነው፣ አትታጠቢም እንዴ?» አሏቸው። «ለጉልበትሽ ብለሽ አይደል የመጣሽው?»

«ጉልበቴማ እዚሁ ደህና አድርጎ ሞቆታል። ሞተርህ እሳት ነው።»

«ትንሽ ተነስተሽ እግርሽን አፍታቺ...»

«አልተሳሰረም።»

«ላዩን ብቻ እኮ ነው፤ ብሎኑን በእጄ ከልዬ...»

ባለቤታቸው የነጠላቸውን ቋጠሮ ጭናቸው ላይ አስተካከሉና ወደ ፊት፣ ወደ መንገዱ አዩ። «ላሜ ማታ ትታለባለች። እስከዚያ እዚችው ነኝ።»

ሰውዬው ጀሪካኑን ተሸክመው ቆሙ። ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ዝምተኛ ነኝ። በመጨረሻ ጎማው አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን ሰበሰቡና ያን ሁሉ ፍል ውሃ ቀስ እያሉ የገዛ እግራቸው ላይ አፈሰሱት።